ከጀግኖቹ አዳራሽ እስከ 9ኛው ጎዳና

የበዓል ዋዜማ ባዛር ገብቶ ሳይደክመው የወጣ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ሙዚቃው ከሦስት አቅጣጫ ይጮኻል፤ ልጆች ውሃ ይጠይቃሉ፤ እናት የጫማውን ዋጋ ልታወዳድር ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ አባት መኪናውን የት እንዳቆመ ረስቷል። አሁን ይህንን ባዛር በብዙ እጥፍ አስፉትና ሦስት ቀን አራዝሙት፤ ከሕዝቡ ብዙውን ደግሞ ክንፍ፣ ካባና ጭንብል አልብሱት። በዋሽንግተን ዲሲ የሚካሄደው ኦሰም ኮን ይህን ይመስላል።

ኦሰም ኮን የኮሚክ መጻሕፍት፣ የፊልም፣ የአኒሜና የቪዲዮ ጌም አድናቂዎች የሚሰባሰቡበት ዝግጅት ነው። የተጀመረው በፈረንጆቹ 2013 ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ባሉት ወራት፣ ከዓርብ እስከ እሑድ ይካሄዳል። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለያይ የአውሮፕላን ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት አረጋግጡ። የእነዚህ ስብሰባዎች ታላቅ ወንድም የሳንዲያጎው ኮሚክ ኮን ነው፤ በ1970 ወደ 300 በሚጠጉ ሰዎች አንድ ሆቴል ውስጥ ተጀምሮ ዛሬ ከ130 ሺህ በላይ ሰው ይጎርፍበታል። ለእኛ ግን የሚመቸው የዲሲው ነው። እዚያ አካባቢ ዘመድ የሌለው አበሻ ማግኘት ይከብዳል፤ ማረፊያ አለ ማለት ደግሞ ግማሹ ወጪ ቀረ ማለት ነው።

እኔን እዚያ የወሰደኝ የእህቴ ልጅ ነው። አሁን 12 ዓመቱ ነው፤ በአካል ያየሁት ግን 5 ዓመት ሳይሞላው ነበር። ከዚያ ወዲህ የምንተዋወቀው በስልክ መስኮት ነው፤ እሱም እናቱ "ና አክስትህን ሰላም በል" ስትለው። እህቴ ነርስ ናት፤ በዚያ ሳምንት ቅዳሜና እሑድ ተረኛ ስለነበረች ልጁን ለእኔ ሰጠችኝ። እናቴ ደግሞ ቦሌ ስትሸኘኝ "አማርኛ ይሰማ እንደሆነ አይተሽ ንገሪኝ" ብላኛለች።

ልጁ ዝምተኛ ነው። ሥዕል ይስላል። ዓመቱን ሙሉ የሳለበትን ደብተር ይዞ ለአንድ የኮሚክ ሠዓሊ ማሳየት ይፈልጋል፤ ሠዓሊው ከአድናቂዎቹ ጋር የሚቀመጠው ቅዳሜ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ጌሙም ፊልሙም፣ ለእሱ ትርፍ ነበር።

ዝግጅቱ የሚካሄድበት ዋልተር ኢ. ዋሽንግተን ኮንቬንሽን ሴንተር በ2003 የተከፈተ ሕንፃ ነው። አጠቃላይ ስፋቱ ከ210 ሺህ ካሬ ሜትር ስለሚበልጥ ወለሎቹ ቢዘረጉ ወደ 30 የእግር ኳስ ሜዳ ይሆናሉ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ኤግዚቢሽን ስገባ ከዕቃው በፊት አቀማመጡን አያለሁ። የንግድ አዳራሽ ሲደራጅ የሚታሰበው ጎብኚው ብዙ እንዲቆይ ነው፤ እንዲያርፍ ማንም አያስብለትም። ወንበር ጥቂት ነው። የፀሐይ ብርሃን አይገባም። አንዱ መተላለፊያ ሲያልቅ ሌላው ይጀምራል። የመግቢያ ቲኬቱ ወደ አዳራሹና ወደ ውይይቶቹ ያስገባችኋል፤ ከታዋቂ ተዋናይ ጋር ፎቶ መነሳትና ፊርማ ማግኘት ግን ለብቻው ይከፈልበታል፤ ወረፋውም ለብቻው ነው። ሰው በእግሩ ብቻ አይደክምም። "ይህን ያህል ከፍዬ ሳላይ የምቀረው ምን አለ?" የሚለው ሐሳብ ከኮንክሪቱ በላይ ያደክማል።

የአሜሪካ አድናቂዎች 5-2-1 የሚሉት ሕግ አላቸው፤ በቀን ቢያንስ 5 ሰዓት እንቅልፍ፣ 2 ጊዜ ምግብ፣ 1 ጊዜ ሻወር። (የመጨረሻው ለምን በሕግ እንዳስፈለገ ቅዳሜ ከሰዓት ወረፋ ላይ ስትቆሙ ይገባችኋል።) ሕጉ ለወጣት ጎረምሳ ይሆን ይሆናል እንጂ ለልጅ አይሆንም። የእንቅልፍ ሐኪሞች ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራሉ። ከአዲስ አበባ ለሚሄድ ቤተሰብ ደግሞ የሰዓት ልዩነቱ አለ። በእነዚያ ወራት ልዩነቱ 7 ሰዓት ነው፤ አዳራሹ ውስጥ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን የእናንተ ሰውነት ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። ልጃችሁ ያን ጊዜ ቢያለቅስ ከአስተዳደጉ እንዳይመስላችሁ። ከዝግጅቱ ሦስት አራት ቀን ቀድሞ መድረስ ከየትኛውም ቲኬት ይበልጣል።

ዓርብን ለመሰለል ብቻ ተጠቀምንበት። ሽንት ቤቱን፣ ውሃ መቅጃውን፣ ወደ 7ኛ ጎዳና የሚያወጣውን በርና የሠዓሊውን ጠረጴዛ ካርታ ላይ ምልክት አደረግን። ሦስት ሰዓት ሲሞላን "እንሂድ" አልኩት። ባቡር ውስጥ አላናገረኝም፤ ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ጨለማውን መስኮት ያይ ነበር። አክስትነቴን የጠላው መሰለኝ።

ቅዳሜ ከሁሉም የከበደው ቀን ነው። በር ላይ የካርቶን ሰይፍ ሳይቀር ይፈተሻል። ውስጥ ገብታችሁ የለበሰ ሰው ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ መጀመሪያ ጠይቁ፤ ደስ ብሏቸው ይቆሙላችኋል። አንድ የዋካንዳ ቡድን አግኝተን አብረን ተነሳን። ለብላክ ፓንተር አልባሳት በ2019 ኦስካር የወሰደችው ሩት ካርተር ከብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ቀድታለች፤ ከንፈሩ ላይ ገል ያደረገው ሽማግሌ ከእኛው ሙርሲና ሱሪ የተወሰደ ነው። ይህንን ስነግረው ልጁ ቆሞ አየኝ። "ከኢትዮጵያ?" አለ። በሁለት ቀን ውስጥ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነበር።

የሠዓሊው ወረፋ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመን ሃያ እርምጃ አልተንቀሳቀስንም። ከጎናችን ያለው ድምፅ ማጉያ ጌም ያስተዋውቃል። ቀኑ 6 ሰዓት ላይ ልጁ ደብተሩን ደረቱ ላይ አጥብቆ ዓይኑን ጨፈነ፤ ላብ አጥምቆታል፣ ስጠራውም አይመልስም። ከኋላችን የነበሩት ሰዎች "ቦታችሁን እንጠብቅላችኋለን" አሉ። እኔ ግን ይዤው ወጣሁ። በሩ ላይ ማልቀስ ጀመረ፤ ዕድሉ ያመለጠው መስሎታል።

እዚህ ላይ ነው ዲሲ ከሌሎቹ ከተሞች የሚለየው። ከአዳራሹ ሰሜናዊ ጫፍ 9ኛውን ጎዳና ይዞ ሽቅብ ለሚሄድ፣ የአበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት የዩ ጎዳና አካባቢ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ በባቡርም ሁለተኛው ጣቢያ ላይ ነው። ሰፈሩ ባለታሪክ ነው። ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ነው፤ በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ የተጫወተውና ከአፄ ኃይለሥላሴ እጅ ሽልማት የተቀበለው ዱክ ኤሊንግተን። እኛ ግን ያን ዕለት ለታሪክ ጉልበት አልነበረንም። ቀስ እያልን፣ ዛፍ ሥር እየቆምን፣ ከኪሴ ቆሎ እየቆረጠምን ሄድን።

የገባንበት ቤት ጸጥ ያለ ነበር። አስተናጋጇ ካባ ለባሹን አይታ "የኔ ጀግና፣ ምን ልታዘዝ?" አለችው። ልጁ ሜኑውን ሳይገልጥ "ሽሮ። በርበሬ ያነሰው" አላት። ለእናቴ የምነግራት ወሬ በዚያች ደቂቃ ተገኘ። እሱ ሽሮውን ሳይናገር ጨረሰ፤ ከዚያ ደብተሩን ከፍቶ አንድ በአንድ አሳየኝ።

8 ሰዓት ላይ ተመለስን። ወረፋው ላይ የቀሩት አሥር ሰዎች አይሞሉም ነበር፤ ሌላ አዳራሽ ውስጥ የአንድ ታዋቂ ተዋናይ ውይይት ተጀምሮ ሕዝቡ ወደዚያ ሄዷል። ሠዓሊው ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አገላበጠ። "ፊት ትችላለህ። ግን ሁሉም ጀግኖችህ እጃቸውን ኪሳቸው ከተዋል ወይ ከጀርባቸው ደብቀዋል። እጅ መሳል ትፈራለህ ማለት ነው" አለው። ልጁ ሳቀ፤ ስስቅበት የነበረው ነገር ተገኘ እንደሚባለው ዓይነት ሳቅ። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው።

እሑድ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ቆየን። መግዛት የምታስቡት ነገር ካለ ለእሑድ ከሰዓት አቆዩት፤ ዕቃ ጭኖ መመለስ የማይፈልገው ነጋዴ ዋጋ ሲቀንስ አይተናል። ልጁ የሥዕል እስክሪብቶ ገዛ፣ እኔ ለእናቴ የፍሪጅ ማግኔት። ሲመለስ ባቡሩ ውስጥ ካባውን ተከናንቦ ትከሻዬ ላይ ተኛ፤ ፎርት ቶተን ላይ ባቡር ስንቀይር ቀሰቀስኩት።

ሰኞን ባዶ አድርጉት። በረራም ሆነ ሙዚየም አትያዙበት። ያን ያህል ሕዝብ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰንብቶ ሳይታመም አይቀርም፤ አድናቂዎቹም በቀልድ ስም ያወጡለት የኮን ጉንፋን አለ። እኔን ማክሰኞ ያዘኝ። እህቴ ዝንጅብል አፈላችልኝ። ልጁ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ኩባያውን የያዘውን እጄን ይስላል፤ አውራ ጣቱን ሦስት ጊዜ አጥፍቶታል።

"አክስቴ፣ አትንቀሳቀሺ" አለኝ፣ በአማርኛ።