ኬሞው የአንድ ቀን ነው፤ ቀሪው ሃያ ቀን የቤት ነው

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ኑሮ ውድነትም አልጽፍም። ሰሞኑን አንድ የዚህ ቻናል ተከታታይ በውስጥ መስመር "እናቴ ኬሞ ልትጀምር ነው፤ ምን ላዘጋጅ?" ብሎ ጠየቀኝ። ከዚህ በፊት ስለ እህቴ ሕመም ሁለት መስመር ጽፌ ስለነበር ነው። መልሱን ስጀምረው ረዘመብኝ፤ እንግዲያው ለሁላችሁም ይሁን። ሐኪም አይደለሁም። ጡቷን ካንሰር የያዛትን ታላቅ እህቴን ስድስት ወር ያስታመምኩ፣ በመሐል ደግሞ ባለማወቅ ላጣት የነበርኩ ሰው ነኝ።

ከዚያው ልጀምር።

ሁለተኛውን ዙር ከወሰደች አሥረኛ ቀኗ ነበር። ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ "በረደኝ" አለች። ጋቢ ደረብንላት። እናታችን "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሽታ ቀባቻት። እኔ የተማርኩት ልጅ ነኝና ቴርሞሜትር አመጣሁ፤ 38.4 አለ። ፓራሲታሞል ሰጠኋት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብለካው 37.3 ሆኗል። "ይኸው ወረደላት፤ በሌሊት ምን አስኬደን፣ ሲነጋ እንወስዳታለን" አልኩ። ይህን ስል በጣም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እናቴም አመነችኝ፤ ተኛን።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልቀሰቅሳት ስገባ ከንፈሯ ተለውጧል፣ የምትናገረው ከምትናገረው አይያያዝም። በላዳ ይዘናት በረርን። ድንገተኛ ክፍል ደርሰን ካርድ ለማውጣት ተሰለፍን፤ ከፊታችን እግሩ የተሰበረም፣ ሆዱን የቆረጠውም ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆምን አንድ ወጣት ሐኪም ሲያልፍ ሻሿ ተንሸራቶ ፀጉር የሌለው ራሷን አየ። "ኬሞ ላይ ናት? መቼ ወሰደች?" አለኝ። አሥር ቀኗ እንደሆነ ስነግረው ወረፋውንም ካርዱንም ትቶ አልጋውን ራሱ እየገፋ አስገባት። አንቲባዮቲክ በደም ሥሯ ተጀመረላት። በኋላ የደም ምርመራው ሲመጣ ኢንፌክሽን የሚዋጉት ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ከ500 በታች ወርደው ነበር። በጤናማ ሰው ከ1500 በላይ ናቸው። ስምንት ቀን ተኛች።

ያ ሐኪም በሦስተኛው ቀን ኮሪደር ላይ አግኝቶኝ የነገረኝን አልረሳውም። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ደበቀው እንጂ ኢንፌክሽኑን አልነካውም አለኝ። ኬሞ ላይ ላለ ሰው 38 ዲግሪ ማለት ሲነጋ የሚታይ ነገር አይደለም፤ በዚያው ሰዓት የሚነሱበት ነው። በተለይ ከሰባተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ፣ ነጭ የደም ሴል በብዙዎቹ መድኃኒቶች ዝቅ የሚለው በዚያን ሰሞን ስለሆነ። አንዳንዴ ትኩሳት ሳይኖር ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። እሱም ያው ነው።

እንዲህ ያለ መድኃኒት ለምን ይሰጣል የሚል ካለ፣ ታሪኩ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላኖች በአባቶቻችን ላይ ያዘነቡትን የመርዝ ጋዝ፣ መስታርድ የሚባለውን፣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከዚያ በፊት በአንደኛው የዓለም ጦርነት በዚሁ ጋዝ የተመቱ ወታደሮች ነጭ የደም ሴላቸው እንደሚያልቅ ሐኪሞች አስተውለው ነበር። በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ጉድማንና ጊልማን የተባሉ ሰዎች የዚያን ጋዝ የቅርብ ዘመድ በካንሰር ለተያዘ ሰው በደም ሥር እንዲሰጥ አደረጉ፤ እብጠቱም ለጊዜው ሟሟ። እህቴ ከወሰደቻቸው መድኃኒቶች አንዱ ሳይክሎፎስፋማይድ የዚያው ቤተሰብ ልጅ ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ደነገጥኩ፤ ለእሷ ግን ስነግራት ሳቀች። "አያቴን ያቃጠለው እኔን ሊያድን መጣ በለኛ" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ቶሎ ቶሎ የሚባዛውን ሴል ሁሉ ይመታል። ካንሰሩ ቶሎ ይባዛል፤ የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን፣ ደም የሚሠራው መቅኔም እንዲሁ። ፀጉር መርገፉ፣ አፍ መቁሰሉ፣ ተቅማጡ፣ ነጭ ሴል መውረዱ የተለያዩ መዓቶች ሳይሆኑ የአንድ ነገር መልኮች ናቸው። ይህን ያወቀ አስታማሚ ግማሹን ፍርሃት ይጥላል።

የእሷ ሕክምና በየ21 ቀኑ ስምንት ዙር ነበር። አራቱ ሳይክሎፎስፋማይድ ከአድሪያማይሲን ጋር፣ አራቱ ፓክሊታክሴል። አድሪያማይሲን መልኩ ቀይ ነው። በማግሥቱ ሽንቷ ቀይ ሲሆን ደም መሰላትና ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። የመድኃኒቱ ቀለም ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር የሚነግረን ብናገኝ ያ ሌሊት አይኖርም ነበር። ሌላም ያልተነገረን አለ፦ ከኬሞው በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት መድኃኒቱ በሽንትና በትውከት ስለሚወጣ የሚያጥበው ሰው ጓንት ማድረግ፣ የተበላሸውን ልብስም ለብቻ ማጠብ አለበት።

መድኃኒቱ በሚሰጥበት ሰዓት ደግሞ መርፌው የገባበት ቦታ ካቃጠለ ወዲያው መናገር ነው። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ከደም ሥር ከወጡ ሥጋ ያቆስላሉ። እህቴ "ሲስተሯ ሥራ በዝቶባታል፣ ላስቸግራት አልፈልግም" የምትል ሰው ናት። ይሉኝታ ሌላ ቦታ መልካም ነው፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን አይደለም። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ አጠገቧ ተቀምጬ በየአምስት ደቂቃው "ያቃጥልሻል?" እያልኩ አሰለቸኋት።

ማቅለሽለሹን በተመለከተ ትልቁ ስህተታችን መድኃኒቱን ለችግር ጊዜ ማስቀመጣችን ነበር። ኦንዳንሴትሮን ከተጀመረ ትውከት ይልቅ ያልተጀመረውን በማስቆም ይሻላል፤ በታዘዘው ሰዓት መዋጥ ነው፣ "ዛሬ ደኅና ነኝ" ብሎ መዝለል አያስፈልግም። ነገር ግን ሆድ ያደርቃል። በሦስተኛው ቀን የሆድ ድርቀቱ ከማቅለሽለሹ ብሶ አገኘነው። ውኃ፣ ተልባና ፓፓያ ረድተዋታል፤ ሲብስ ግን በቤት ነገር አይሆንም፣ የሚያለሰልስ መድኃኒት ሐኪሙን ጠይቁ። ዴክሳሜታሶን የሚባለው ደግሞ እንቅልፍ ይነሳል። ማታ ስትውጠው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስታ ቁም ሳጥን ስታስተካክል አገኘኋት። ሐኪሙ ወደ ጠዋት ሲያዞርላት ነገሩ ተስተካከለ።

አፏ ሲቆስል ያዳናት ርካሽ ነገር ነው። አንድ ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ በቀን አራት አምስት ጊዜ መጉመጥመጥ፣ መትፋት። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ እኔ መጀመሪያ የገዛሁት እሱን ነበር። የጥርስ ብሩሹ ለስላሳ ይሁን። በርበሬና ሎሚ እስኪድን ይቆዩ።

ምግብ ላይ ቤታችን ውስጥ ጦርነት ነበር። እናቴ "ደም ይተካላት" ብላ ክትፎ ለብ ለብ አድርጋ ታመጣለች፤ ሐኪሙ ጥሬ ሥጋ፣ ያልተፈላ ወተትና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣ ከልክሏል። በጥሬውና በሰውነቷ መካከል የሚቆም ወታደር የላትም። "ለብ ለብ" ማለት ጥሬ ማለት እንደሆነ እናቴን ለማሳመን ሦስት ዙር ፈጀብኝ። ከኬሞው በኋላ ባሉት አራት ቀናት የእንጀራው ኮምጣጣ ሽታ ራሱ ያስመልሳት ስለነበር እንጀራ ከቤት ወጣ። የቀመሰችው ቀዝቀዝ ያለ ነገር ነው፤ ትኩስ ምግብ ይሸታል። ከአልጋ ሳትነሳ ደረቅ ዳቦ፣ ከዚያ በሶ፣ የተቀቀለ ድንች፣ በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ሙዝ። በትንሽ በትንሹ፣ በቀን ስድስት ጊዜ። ብረት ብረት ይለኛል ስትል የእንጨት ማንኪያ ሰጠናት። ዓቢይ ጾም ሲገባ "እጾማለሁ" ብላ አስቸገረችን፤ የነፍስ አባቷን ጠራናቸው፣ መጥተው "አንቺ አሁን መድኃኒት ላይ ነሽ፤ ብዪ" አሏት። ከሐኪሙ ይልቅ የእሳቸው ቃል ሰራ። ጠላ ቤት የሰማነውን ሥራሥርና ዱቄት ሁሉ ግን ለሐኪሙ ሳንነግር አልሰጠናትም፤ ከመድኃኒቱ ጋር የሚጋጭ አለና።

አሁን ወደ ጠያቂው ልምጣ፤ ሰው የሚቀየመኝም እዚህ ላይ ነው። የእኛ አገር ሰው የታመመ ይጠይቃል። ይህ ሀብታችን ነው። ነገር ግን እህቴ በአሥረኛው ቀኗ ጉንፋን የያዛቸው ሁለት ሕፃናት አቅፈዋት፣ አሥራ አንድ ሰው ጉንጯን ስሟት ያውቃል። ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ እሷ ጭሱ ሆዷን እየገለበጠው ፈገግ ብላ ትቀመጣለች። ከዚያ "የአክስቴ ልጅም በዚሁ በሽታ ነው የሞተችው" የሚል ይነሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት የቀብር ታሪክ ሰምተናል። ማታ ሲሄዱ "አይዞሽ የሚለኝ ሞልቷል፤ ባልዲውን የሚያጥብልኝ ግን አንቺ ብቻ ነሽ" አለቻት ለታናሿ።

ከዚያ በኋላ ካላንደር ግድግዳ ላይ ሰቀልን። የመጀመሪያው ሳምንት የቤተሰብ ብቻ። ሁለተኛው ሳምንት በስልክ። ሦስተኛው ሳምንት ኑ፤ በረንዳ ላይ፣ ሳይሳሳሙ፣ እጅ ታጥበው። ቡናው ጎረቤት ይቆላል። የእድሯ ሰብሳቢ መጀመሪያ ተቀየሙ። "ሰው ጠላችሁ እንዴ?" አሉን። ሲገባቸው ግን ሴቶቹን በተራ መድበው አንዷ ልብስ ታጥባለች፣ አንዷ ልጆቿን ከትምህርት ቤት ታመጣለች፣ አንዷ ውኃ ታስቀዳለች። ከብርቱካንና ከኩኪስ ይልቅ ያ ነው ያቆማት።

ፓክሊታክሴል ሲጀመር ማቅለሽለሹ ቀለለ፤ ጣቶቿ ግን ደነዘዙ። ቁልፍ መቆለፍ አቃታት። አንድ ቀን "ትንሽ ልሥራ" ብላ ምጣድ ላይ እጇ ሲቃጠል አልተሰማትም፤ ያየነው በሽታው ነው። መደንዘዙን እንደ ቀላል ነገር ሳንናገር ቆይተን ነበር። ሐኪሙ ሲሰማ መጠኑን ቀነሰላት። ንገሩ፤ ምንም አትደብቁ።

ለክልል ሰዎች አንድ ነገር። ዙሩ ከመድረሱ በፊት የደም ምርመራ አለ፤ ሴሉ ካልሞላ ሳምንት ይራዘማል። ከጎንደር ወይም ከጅማ መጥቶ ይህን የሚሰማ ሰው የአልጋ ኪራዩ ያልቅበታል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለእንዲህ ያሉ ሕሙማን ማረፊያ አለው፤ ቀድማችሁ ጠይቁ። በኪሳችሁ ደግሞ የመድኃኒቱ ስምና የመጨረሻው ኬሞ ቀን የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። ትኩሳቱ መንገድ ላይ ከመጣ አዲስ አበባ እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ ቅርብ ያለ ሆስፒታል ግቡና ወረቀቱን አሳዩ። የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ እዚያው መጀመር ይቻላል።

መንግሥትን የምጠይቀው ትልቅ ማሽን አይደለም፤ እሱን ሌላው ይጠይቃል። አንድ ገጽ ወረቀት ነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ ማንበብ ለማይችልም በሥዕል። ሌሊት የሚነሳ አንድ ስልክ ቁጥር። በድንገተኛ ክፍል በር ላይም "ኬሞ ላይ ያለ፣ ትኩሳት ያለው ሰው አይሰለፍም" የሚል ሕግ። ያን ጠዋት ያተረፈን ሻሽ መንሸራተቱ ነው። የሰው ሕይወት በሻሽ መንሸራተት ላይ መንጠልጠል የለበትም።

እህቴ አሁን በየስድስት ወሩ ክትትል ላይ ናት። ፀጉሯ ከበፊቱ ጠጉሮና ተጠቅልሎ በቅሏል፤ ጣቶቿ ግን በብርድ ጊዜ ዛሬም ይደነዝዛሉ። ቴርሞሜትሩን ከወሎ መጥተው ጎረቤታችን ቤት ያረፉ አንድ አባት ለሚስታቸው ወስደውታል። ቁጥሩን ማንበብ ስለማይችሉ የልጅ ልጃቸው 38 የምትለውን ወረቀት ላይ ጽፋ ከጎኑ አሰረችላቸው። ትናንት ደውለው "ልጄ፣ ይሄ ነገር ዛሬ ደብዘዝ አለብኝ" አሉኝ። ባትሪው ነው፤ ዛሬ ማታ ገዝቼላቸው እሄዳለሁ።