ከመሬት በታች ያለ ሰው

ቤተሰብ በየአህጉሩ በተበተነበት በዚህ ዘመን እናት የልጇን ደህንነት የምታውቀው በስልክ ነው። መርዶም የምሥራችም በስልክ ይመጣል። ጥሪ ያልተነሳላት እናት ደግሞ ክፉ ክፉውን ማሰብ ትጀምራለች።

ዋሽንግተን የሚኖረው ልጇ ከሥራ ሲወጣ ሜትሮ ይሳፈራል። ባቡሩ መሬት ውስጥ ሲገባ ለብዙ ዓመታት ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋ ነበር። በቀዩ መስመር ብዙ የሀገራችን ሰው ይመላለሳል። መስመሩ ዩኒየን ስቴሽንን አልፎ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲያቀና ከዋሻው ይወጣል። ያኔ በየኪሱና በየቦርሳው ያለው ስልክ ሁሉ ባንድ ጊዜ መንጫጫት ይጀምር ነበር፤ ያልደረሱ ጥሪዎችና የዘገዩ መልእክቶች ተከታትለው ይገባሉ። አንዷ ቶሎ ብላ ትደውልና «እማዬ፣ ደህና ነኝ፤ ባቡር ውስጥ ሆኜ ነው» ትላለች። ዋሽንግተን ገና አመሻሽ ነው፤ አዲስ አበባ ግን እኩለ ሌሊት አልፏል። እናት እስኪደወልላት እንቅልፍ አልወሰዳትም።

የስልክ ሞገድ በአየር ላይ ርቆ ቢጓዝም አፈርና ኮንክሪት ያስቀሩታል። ስለዚህ በዋሻው ግድግዳ ላይ ለዚሁ የተሠራ ኬብል ይዘረጋል። የተራው ኬብል ሽፋን ሞገድ እንዳያመልጥ ይጠብቃል፤ የዚህኛው ሽፋን ግን በየርቀቱ ሆን ተብሎ የተሰነጠቀ ነው። ሞገዱ በስንጥቁ እየወጣ ፉርጎ ውስጥ ያለውን ስልክ ያገኘዋል፤ የስልኩም ምላሽ በዚያው ይመለሳል። ዕውቀቱ አዲስ አይደለም። አድካሚው ዝርጋታው ነው፤ ባቡሩ ቀኑን ሙሉ ስለሚመላለስ ሠራተኞች ዋሻ የሚገቡት ሌሊት፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

ሥራው ከባድ መሆኑን አልክድም። የዘገየበት ምክንያት ግን ክብደቱ ብቻ አይደለም። የለንደኑ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። በኅዳር 1987 እ.ኤ.አ. በኪንግስ ክሮስ ጣቢያ እሳት ተነሥቶ 31 ሰዎች ሞቱ። ዴዝሞንድ ፌኔል የመሩት ምርመራ በተከታዩ ዓመት ይፋ ሲሆን፣ የነፍስ አድን ሠራተኞች ከመሬት በታች በሬዲዮ መነጋገር እንዲችሉ አሳሰበ። በሐምሌ 2005 በሦስት ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ ቦምብ ፈንድቶ 52 ሰዎች ሲገደሉ፣ ከትራንስፖርት ፖሊስ በቀር ሌሎቹ ነፍስ አድን ሠራተኞች ዋሻ ውስጥ ያኔም በሬዲዮ መነጋገር አይችሉም ነበር። የከተማዋ ምክር ቤት ኮሚቴ ማሳሰቢያው ከተሰጠ ከብዙ ዓመታት በኋላም ይህ አለመፈጸሙን አጥብቆ ወቀሰ። የመንገደኛው የእጅ ስልክ በጁቢሊ መስመር ዋሻ ውስጥ በ4ጂ መሥራት የጀመረው ደግሞ በ2020 ነው።

ዋሽንግተንም ከዚህ የተሻለች አልነበረችም። በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለሜትሮ የሚሰጠውን ከፍተኛ ገንዘብ ከስልክ አገልግሎት ጋር አያይዞ፣ ጣቢያዎቹና ዋሻዎቹ ሁሉ በአራት ዓመት ውስጥ ኔትወርክ እንዲኖራቸው አዘዘ። ቀነ ገደቡ አለፈ፤ ሥራው ግን አላለቀም። በጥር 2015 ከላንፋንት ፕላዛ ጣቢያ የተነሣ ባቡር ዋሻው ውስጥ ቆመ፤ ጭስ ፉርጎዎቹን ሞላ፤ አንዲት መንገደኛ ሕይወቷ አለፈ፤ በርካቶችም ሆስፒታል ገቡ። በዚያ ቀን የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ሬዲዮ ከመሬት በታች በወጉ አልሠራላቸውም። ዋሻዎቹ ሙሉ በሙሉ አገልግሎት ያገኙት ከዚያ በኋላ ዓመታት አልፈው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ኔትወርኩ መኖሩ ብቻውን ግን ሰው አያድንም። ይህን ያስተማረችን የደቡብ ኮሪያዋ ዴጉ ናት። በየካቲት 2003 ጁንጋንግኖ ጣቢያ ላይ አንድ ሰው ባቡር ውስጥ እሳት ለኮሰ። ከወዲያ ማዶ ሌላ ባቡር መጥቶ አጠገቡ ቆመ፤ እሳቱም ወደ እሱ ተሻገረ። በድምፅ ማጉያው መንገደኞቹ ባሉበት እንዲቆዩ ተነገራቸው፤ በሮቹም ተዘጉ። በሁለቱ ባቡሮች 192 ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ የኋለኛው ባቡር ተሳፋሪዎች ነበሩ። እዚያ ዋሻ ውስጥ ስልክ ይሠራ ነበር። ሰዎች ከጭሱ መሐል ሆነው እናታቸው ጋ፣ ባላቸው ጋ፣ ልጃቸው ጋ ደወሉ። ቤተሰብ ድምፃቸውን ሰማ፤ «በሩን ክፈቱና ውጡ» ብሎ ማዘዝ የሚችለው ሰው ግን በጊዜ አላዘዘም። ስለዚህ ከኬብሉ ጋር፣ በሌላው ጫፍ ሰምቶ ቶሎ የሚወስን ኃላፊ ያስፈልጋል።

ዋሻው ከስልክ ጫጫታ የሚያርፉበት ቦታ ሆኖ እንዲቀር የሚፈልጉ ሰዎች አሉ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ ቀኑን ሙሉ ሲጠራ የዋለ ሰው ጥቂት ጸጥታ ያምረዋል። ለጫጫታ መድኃኒቱ ግን ሥርዓት ነው። በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ስልክ ይሠራል፤ ነገር ግን መንገደኛው ድምፁን እንዲዘጋና በስልክ እንዳያወራ በየጊዜው ይነገረዋል፤ እሱም ያከብራል። ዝምታን ወዶ የመረጠ ሰው ያርፍበታል። አደጋ ላይ ወድቆ የሚሰማው ያጣ ሰው ዝምታ ግን መከራ ነው።

ይህ ነገር የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በአብዛኛው ከመሬት በላይ ቢሄድም፣ ከተማችን ወደ ላይ በረዘመች ቁጥር ወደ ታችም እየጠለቀች ነው። የሕንፃዎቻችን ምድር ቤት መኪና ማቆሚያና መጋዘን ሆኗል፤ ሰው ይሠራበታል፣ ይመላለስበታል። ብዙ ቦታ አንድ ፎቅ ወረድ ሲሉ ኔትወርክ ይጠፋል። ስለዚህ መሐንዲሶችም፣ ፈቃድ ሰጪዎችም፣ የሕንፃ ባለቤቶችም አደራ፤ ከመሬት በታች ውኃና መብራት ስታስገቡ የስልኩንም መስመር አብራችሁ አስገቡ፤ ጥሪውን ተቀብሎ የሚደርስ ሰውም መድቡ። ለንደንና ዋሽንግተን ይህን የተማሩት የሰው ሕይወት ከፍለው ነው፤ እኛ ያለዚያ ዋጋ መማር እንችላለን።