ማክሰኞ ማክሰኞ የሚለካው ዝናብ

ልጄ ከባሏና ከዘጠኝ ዓመት ሴት ልጇ ጋር የምትኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን ያሉባት ከተማ ናት፤ እንጀራውም፣ ቡናውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም አልጎደለም። የልጅ ልጄን የሚያጥራት ትንፋሽ ነው። አስም አለባት። ባለፈው ሐምሌ ልጠይቃቸው ስሄድ ቤቱ ውስጥ አንድ ክርክር ጠበቀኝ። ልጄ፣ "ከተማውን ትተን ወደ ተራራው እንጠጋ፤ ልጅቷ ንጹሕ አየር ታግኝ" ትላለች። ባሏ ደግሞ፣ "ሥራዬ እዚህ ነው፤ እዚያ በምን እንኖራለን?" ይላል። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። "አባዬ፣ ዕድሜህን ሙሉ ሳይንስ ያስተማርክ ሰው ነህ፤ እስቲ ፍረድ" አለችኝ ልጄ።

ሽማግሌ ድንበሩን በዓይኑ ሳያይ አይፈርድም። "መጀመሪያ ተራራውን አሳዩኝ" አልኩ።

ስለ ከተማው አየር ጥቂት ላስቀድም። ልጄ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ ስልኳን ከፍታ የዕለቱን የአየር ጥራት ቁጥር ታያለች። በፀሐዩ ወራት የሚያስቸግራቸው ኦዞን ነው። ኦዞን ሰማይ ላይ ሆኖ ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀን ጋዝ መሆኑን ለተማሪዎቼ ስነግር ኖሬያለሁ። እዚህ መሬት ላይ፣ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሲሆን ግን ሳንባ ይለበልባል። ከየትኛውም ጭስ ማውጫ በቀጥታ አይወጣም። ከመኪና፣ ከፋብሪካና ከነዳጅ ጉድጓድ የሚወጡ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ሲገናኙ ይፈጠራል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ጠዋት ዝቅ ይልና ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበረታ ከፍ ይላል። በእንዲህ ያለ ከተማ አስም ያለበት ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች ይህችን ያዙልኝ፤ የሩጫና የኳስ ጊዜ ጠዋት ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ወደ ሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ሄድን። እ.ኤ.አ. በ1915 የተከለለ ፓርክ ነው፤ ከ2009 ጀምሮ ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ መንገድም ቤትም የማይሠራበት ዱር ሆኖ በሕግ ይጠበቃል። መኪናችን የቆመው ቤር ሌክ በሚባል ሐይቅ አጠገብ ነው። ከፍታው 2,888 ሜትር ነው፤ ከደብረ ብርሃን ብዙም አይበልጥም። ብርዱም የደብረ ብርሃንን አስታወሰኝ። ጥዶቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ከበላያቸው በሐምሌ ያልቀለጠ በረዶ ይታያል፤ በሐይቁ ዳር የውሃው ሥር ድንጋይ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የልጅ ልጄ ሮጠች፣ ድንጋይ ላይ ወጣች፣ ወረደች። ኢንሄለሯ ከእናቷ ቦርሳ አልወጣም። ልጄ "አየህ?" በሚል ዓይን አየችኝ።

አንዲት የፓርክ ጠባቂ እዚያው ቆማ እንግዶችን ታስተናግዳለች። የልጅ ልጄ ሄዳ፣ "የዚህ ተራራ አየር ንጹሕ ነው?" ብላ ጠየቀቻት። ጠባቂዋ አዎን ብላ አላለፈችም። ጎንበስ ብላ ስለ አንድ ባልዲ ነገረቻት።

ሎክ ቬል የሚባል ከፍ ያለ ሸለቆ አለ፤ በእግር አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ያስኬዳል። እዚያ እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ አንድ የዝናብ መሰብሰቢያ ተተክሏል። ክዳን አለው። ዝናብ ወይም በረዶ መጣል ሲጀምር ክዳኑ በራሱ ይከፈታል፤ ሲያባራ ይዘጋል፤ አቧራ አይገባበትም። በየሳምንቱ ማክሰኞ ሰው ወጥቶ ባልዲውን ይቀይራል፤ በብርዱ ወራት መንገዱን በረዶ ሲሸፍነው ደግሞ በበረዶ መንሸራተቻ ይወጣል። የተጠራቀመው ውሃ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል፤ ምን እንዳለበት ይመረመራል። በሌላ የፓርኩ ጣቢያ ደግሞ በየሦስት ቀኑ ለ24 ሰዓት አየር በማጣሪያ ውስጥ እየተሳበ፣ ማጣሪያው ላይ የቀረው ይመዘናል። የዝናቡ ልኬት ከ40 ዓመት በላይ ሲደረግ ኖሯል።

የተገኘው ናይትሮጅን ነው። ከመኪና፣ ከኃይል ማመንጫ፣ ከእርሻና ከከብት ማደለቢያ የሚነሣው ጋዝ በንፋስ ሽቅብ ይመጣና ከዝናብና ከበረዶ ጋር ይወርዳል። ጂል ባሮን የተባሉት የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ለአሥርተ ዓመታት በመሩት ጥናት፣ ተራራው ሳይጎዳ ሊሸከም የሚችለው በዓመት ለአንድ ሄክታር 1.5 ኪሎ ግራም መሆኑ ታወቀ። ሲለካ የተገኘው ግን ወደ 3 ኪሎ ግራም ነው።

ለጤፍ ገበሬ ይህ ቁጥር ያስቃል። አንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን አለ፤ 3 ኪሎውን ማሳው አያውቀውም። ቢሆንም ጤፍ እንኳ ማዳበሪያ ሲበዛበት ይጋሽባል፤ አገዳው ያማረ መስሎ ረዝሞ ይተኛል። ተራራው ደግሞ በጥቂት መኖር የለመደ ነው። ማዳበሪያ ሲደርሰው ሣር መሰሉ ተክል ይፋፋል፤ ትንንሾቹ የቁር አበቦች ቦታ ያጣሉ። በሐይቆቹ ሥር የተነባበረው ደለል በየንብርብሩ ሲመረመር፣ በዓይን የማይታዩት የውሃ ውስጥ ዕፅዋት ዓይነታቸው መለወጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አካባቢ ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያይ ግን ውሃው ዛሬም ድንጋዩን ያሳያል።

ልክ ስላለ መነጋገር ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓርኩ፣ የኮሎራዶ ግዛትና የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እስከ 2032 ድረስ ወደ 1.5 ኪሎው ለመመለስ ዕቅድ አወጡ። ነፋሱ ወደ ተራራው ሊዞር ሲል ለገበሬዎችና ለከብት አርቢዎች መልእክት የሚደርስበት አሠራርም አለ፤ የፈቀደ ፍግ መበተኑን ለሌላ ቀን ያቆያል።

ኦዞኑስ? እሱም ተራራው ላይ ይወጣል። ፓርኩ ውስጥ ከአገሪቱ ወሰን ያለፈባቸው ቀናት ተመዝግበዋል።

በመመለሻው መኪናው ውስጥ ዝምታ ሆነ። ማታ ራት ላይ ፍርዴን ተናገርኩ። "አንዲት ማለዳ አይታ ቤት አትሸጡም። ተራራውን 40 ዓመት እየለኩ ነው የሚያውቁት፤ እናንተ ልጃችሁን ሁለት ወር ለኩ።" የልጅ ልጄ ደብተር አወጣች። ቀኑን፣ የአየሩን ቁጥር፣ ኢንሄለር የወሰደችበትን ጊዜና ሌሊት ሳለች አልሳለችም የሚለውን ትጽፍ ጀመር። ስትረሳ እናቷ ታስታውሳታለች፤ እናቷ ስትረሳ እሷ።

ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ ደብተሩን ሐኪሟ አየው። ኦዞን የበዛባቸው ከሰዓታት እንደተጠበቀው ከብደዋታል። ሌላም ነገር ነበረ፤ የአየሩ ቁጥር ጥሩ ሆኖ ሳለ እሑድ ሌሊት ትስላለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘመድ የሚሰበሰብበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ቀን ነው፤ መስኮቱ ደግሞ ለቅዝቃዜው ማሽን ሲባል ዝግ ነው። ሐኪሙ የመድኃኒቷን አወሳሰድ አስተካከለ። ቡናው አልቀረም፤ ወደ በረንዳ ወጣ። ዕጣኑ ቀረ። ልጄ ዕጣኑን ስትተው እንደከፋት በድምፅዋ አውቄያለሁ፤ ለእናቷ መታሰቢያ አድርጋ ነበር የምታጨሰው።

ቤት የመቀየሩ ነገር ለጊዜው ቆሟል። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን አይተው እንደገና ሊነጋገሩ ተስማምተዋል። አሁን እሑድ ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ ተኝታ ታድራለች፤ ከሰዓት በኋላው ግን ገና አልተፈታም።

እኔም ቢሾፍቱ ከቤቴ በር ላይ ሆኜ የረር ተራራ ይታየኛል። መሣሪያ የለኝም፤ ደብተር አለኝ። ጠዋት ጠዋት ሦስት ቃላት ከፍያለሁ፤ ጥርት ያለ፣ የደበዘዘ፣ የተሸፈነ። ማክሰኞ ስትደውልልኝ የእሷን ቁጥር ትነግረኛለች፣ እኔም የየረርን እነግራታለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ "አባባ፣ ሐሙስን ዘለልከው" ብላ ያዘችኝ። ሐሙስ ቀን ለቅሶ ሄጄ ነበር። "እሱንም ጻፈው" አለችኝ።