የሐይቅ ዳር ሞገድ

በግዕዝ «ሐይቅ» የሚባለው ውሃው ሳይሆን የባሕር ዳሩ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚገኘው፣ በዚሁ ስም ለሚጠራው ሐይቅ ይህ ፍቺ ይስማማዋል፤ የውሃው ድምፅ ያለው ዳሩ ላይ ነውና።

የውሃው ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ ሞገድ የሚያስነሳበት ርቀት ከስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ስለማያልፍ ሞገዱ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመላለስ ነው። ዓመታት ጂዳ ወይም ቤሩት ቆይቶ የተመለሰ የአገሩ ልጅ ልዩነቱን መጀመሪያ የሚለየው በጆሮው ነው። እዚያ ባሕሩ አለቱን ይመታል፣ ፋታ ይሰጣል፣ ደግሞ ይመታል። እዚህ ፋታ የለም።

ማለዳ ውሃው ዝም ይላል፤ የሚሰማው የታንኳ መቅዘፊያና የወፎች ክንፍ ነው። ነፋስ ሲነሳ ፊቱ ይሸበሸባል። ሞገዱ ዳር ደርሶ ሲሰበር አየር ይውጣል፤ አብዛኛው ድምፅ የሚወጣውም ከታፈኑት አረፋዎች ነው። ፊላ በበቀለበት በአገዳዎቹ መካከል እየደከመ ይንሾካሾካል፤ ጠጠር ባለበት ጠጠሩን ገፍቶ ያወጣና ሲመለስ እያንኳኳ ይጎትተዋል።

የልጅነቱን ዳር የሚፈልግ ተመላሽ ግን ላያገኘው ይችላል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዝናብና ጅረት ይሞሉታል፣ ፀሐይ ያተነዋል፤ ስለዚህ ዳሩ አንዴ ይሸሻል፣ አንዴ ይመለሳል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ጥንት ደሴት ላይ ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። አፈ ታሪኩ ደሴቲቱን ግፍ የተፈጸመባት ነፍሰ ጡር የተቀመጠችበት መሬት ነው ይላል፤ ዙሪያውን ሁሉ ውሃ ሲውጠው እሷ ያለችበት ብቻ ተረፈ። የሚገርመው፣ ወደዚህ የወንዶች ገዳም ዛሬ ሴት አትገባም። ከዓረብ አገር የተመለሰች እህትም ሞገዱን የምታዳምጠው ከወዲያኛው ዳር ነው።

ከሐይቁ ወደ ሰሜን የአምባሰል ተራራ አለ፤ በአምስት ድምፅ የሚዜመው የአምባሰል ቅኝት በስሙ ይጠራል። ስደተኛው ባሕር ማዶ ሆኖ አገሩን የሚሰማው በዚህ ዜማ ነው፤ የሐይቁን ድምፅ ግን ማንም በካሴት አልላከለትም።

ሞገዱን መስማት የሚሻ ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ታንኳ መሳፈር የፈለገ ግን በማለዳ።