ችግር አልተገኘም

ለብዙ ወራት ጽሑፍ ስታጡብን ስለ ደኅንነታችን ለጠየቃችሁን ሁሉ ጌታ ይባርካችሁ። ደኅና ነን። የጠፋንበትን ምክንያት በቅርብ ያላችሁት በግቢያችን ቆሞ አይታችሁታል፤ ዛሬ ስለ እርሱ እንጽፋለን። ባልና ሚስት ተነጋግረን የጻፍነው ስለሆነ "እኛ" እያልን እንቀጥላለን። ከሁለታችን አንዱ ብቻ ያጠፋበት ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ማን እንደሆነ እንናገራለን። አብዛኛውን ጊዜ ሰባኪው ነው።

እኛ ዕረፍት የማናውቅ ሰዎች ነን። እሁድ አገልግሎት ነው። ቅዳሜ ሠርግ ወይም ልቅሶ አይጠፋም። በሳምንቱ መካከል ደግሞ ከሁለታችን አንዷ በአረጋውያን መንከባከቢያ የሌሊት ተረኛ ናት። ሰባኪው ስለ ሰንበት ዕረፍት ብዙ ጊዜ ሰብኳል፤ ዐርፎ ግን አያውቅም። ልጆቻችን ከቤት ሲወጡ፣ "እዚህ ኮሎራዶ ሃያ ዓመት ስንኖር ተራራውን ያየነው በመስኮት ብቻ ነው" ተባባልን። እስራኤላውያን በዓመት ሰባት ቀን ከቤታቸው ወጥተው በዳስ እንዲቀመጡ ታዘው የለ? እኛም ዳስ እንግዛ አልን። ባለፈው ዓመት ኤፕሪል ላይ ከመኪና ኋላ የሚጎተት፣ አልጋ፣ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ያለው ትሬይለር ገዛን። አዲስ ነው። ፕላስቲኩ ከፍራሹ ላይ አልተነሣም ነበር።

ዋጋው 29,000 ዶላር ነው። 3,000 ከፍለን የቀረውን በ15 ዓመት ብድር ወሰድን። ለትሬይለር የ15 ዓመት ብድር እዚህ አገር የተለመደ ነው፤ የአምራቹ ዋስትና ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠን ማየት የነበረብን ያኔ ነበር።

ርክክቡ 40 ደቂቃ ፈጀ። አንድ ትሑት ወጣት መብራቱን አብርቶ አጠፋ፣ ምድጃውን አሳየን፣ ቁልፍ ሰጠን፣ ፈረምን። በዚያው ቅዳሜ ሽማግሌዎች መጥተው እጃቸውን ግድግዳው ላይ ጭነው ጸለዩ። አንድ ወንድም "የመገናኛው ድንኳን" ብሎ ስም አወጣለት። ዳቦ ተቆረሰ፣ ቡና ተፈላ። መጸለያችን መልካም ነው፤ ጣሪያው ላይ ግን አንድም ሰው አልወጣም።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው ከቤታችን ሳንርቅ፣ እዚሁ አውሮራ ውስጥ በቼሪ ክሪክ ፓርክ ነው። የውሃውን ፓምፕ ስንከፍት ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ውሃ ይንፎለፎል ጀመር። የፕላስቲኩ መገጣጠሚያ በጣት ብቻ ነበር የጠበቀው። በመንገድ ላይ ፍሬን ስንይዝ መሳቢያው ወልቆ ወድቋል፤ ቪቴው የተነከሰው በቀጭን ኮምፔንሳቶ ላይ ነው። ተገፍቶ የሚወጣው የሳሎን ግድግዳ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ማሞቂያው አልነሣም አለ። ሁለት ጋቢ ተከናንበን ሳቅን። ያን ሌሊት ገና መሳቅ እንችል ነበር።

ወገኖች ይህን ሲሰሙ "የጠላት ውጊያ ነው፤ ዕረፍታችሁን አልወደደውም" አሉን። በፍቅር እንደተናገሩት እናውቃለን። ሰይጣን የለም አንልም። ነገር ግን ያልጠበቀን ቪቴ ሁሉ ለእርሱ መስጠት የሰውን ድርሻ መሸፈን ይመስለናል። በዚህ አገር አብዛኞቹ ትሬይለሮች የሚሠሩት በኢንዲያና ግዛት ኤልክሃርት በምትባል ከተማ ዙሪያ ነው። በብዙዎቹ ፋብሪካዎች ሠራተኛው የሚከፈለው ባወጣው ቁጥር ልክ ነው። ቀርፋፋ እጅ ለባልደረቦቹም ኪሳራ ይሆናል። ተሠርቶ ያለቀው ቤት ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር ማይል እየተናጠ ወደ ሻጩ ይጎተታል። ሻጩ ከርክክብ በፊት በደንብ ሊመረምረው ይገባል፤ ሰልፍ ሲበዛበት ግን ምርመራው ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጥድፊያ ነው ብለን እናምናለን፤ ከእኛም ጥድፊያ ጋር። የምትገዙ ካላችሁ ርክክቡ ላይ ግማሽ ቀን ዋሉ። ውሃውን አስከፍቱ፣ ጋዙን አስለኩሱ፣ መሰላል ጠይቃችሁ ጣሪያውን እዩ።

ጁላይ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። በማግስቱ ከኋላ በኩል ከተደራራቢው አልጋ በላይ፣ ጥጉ ላይ፣ የሻይ ቀለም ያለው እድፍ አየን። መዳፍ የማታክል እድፍ ናት። የትሬይለር ባለቤቶች ከምንም በላይ የሚፈሩት ይህን ነው። ጣሪያው በጎማ መሰል ሽፋን የተለበጠ ነው። የአየር መውጫው፣ አምፖሉ፣ ጠርዙ ሁሉ የሚታሸገው በማሸጊያ ሙጫ ነው። ሙጫው አንድ ቦታ ከከፈተ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ወርዶ እንጨቱን ያበሰብሳል፤ እናንተ ከውጭ ምንም አታዩም።

ሻጩ ዘንድ ቀጠሮ ለማግኘት አምስት ሳምንት ጠበቅን። ከዚያ ለ74 ቀን እዚያው ቆመ። ብድሩን እየከፈልን ነበር። ሲመልሱልን ከቁልፉ ጋር አንድ ወረቀት ሰጡን፤ ከታች "ተመርምሯል፤ ችግር አልተገኘም" ይላል። ደስ አለን። ክረምቱን ሸፍነነው ቆየ። ማርች ላይ በረዶው ሲቀልጥ እድፏ ሰሃን አክላ ተመለሰች።

ሰባኪው ወደ ጥገና ክፍሉ ሄደ። ጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ልጅ ከመጀመሪያ ልጃችን አትበልጥም። የሚቀጥለው ቀጠሮ ሜይ ላይ እንደሆነ ነገረችው። ዋስትናው ደግሞ ኤፕሪል ላይ ያልቃል። ሰባኪው ጮኸ። የጮኸውን ቃል አንጽፍም፤ ስድብ አልነበረበትም፤ ድምፁ ግን በቂ ነበር። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ልጅቷ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታ ጠበቀች፤ እስኪጨርስ የምትጠብቅ፣ የለመደች ሰው ነበረች። ባለቤቱ በአማርኛ "ይብቃ። እሷ ናት እንዴ የሠራችው?" አለችው። በሳምንቱ ተመልሰን ይቅርታ ጠየቅናት። "ከዚህ የባሰ በየቀኑ እሰማለሁ" አለችን በትሕትና። ቀጠሮው ግን አንድ ቀን እንኳ ወደዚህ አልቀረበም።

ሕጉንም አገላብጠን አየን። ለአዲስ መኪና ገዢዎች የወጣው የየግዛቱ ሕግ በብዙ ቦታ ተጎታችን አይጨምርም። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የፌደራል የዋስትና ሕግ ግን በጽሑፍ የተሰጠ ዋስትና እንዲከበር ያዛል፤ በእርሱ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻል ነበር። ደክሞን ተውነው። መተዋችን ትዕግሥት ይሁን ስንፍና እስካሁን እንከራከራለን።

ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አባት በጉባኤያችን አሉ። አዲስ አበባ አናጺ ነበሩ። መጥተው ግድግዳውን በጣታቸው መገጣጠሚያ ኳ ኳ እያደረጉ ከዳር እስከ ዳር ሄዱ። አልጋው ጋ ሲደርሱ ድምፁ ተለወጠ። "ፓስተር፣ አፍንጫዎን እዚህ ያስጠጉ" አሉ። ሻጋታ ይሸታል። "ይህ ከፋብሪካው ጀምሮ ነው። ቀለም ብትቀቡት ይሸፈናል፤ ግን አትቀቡት።" በእርሳቸው ምክር ቤት ድረስ የሚመጣ ቴክኒሻን ጠራን። ጣሪያው ላይ ነፋስ የሚነፋ መሣሪያ ገጥሞ ውስጡን በአየር ሞላው። ከዚያ በጣሪያው ላይ የሳሙና ውሃ ረጨ። ጎሚስታ ካላማዳሪውን ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ እንደሚፈልገው ማለት ነው። ከአየር መውጫው ጥግ አረፋ ፈላ። ግድግዳው ሲከፈት እንጨቱ በእጃችን እንደ እንጀራ ፍርፋሪ ሆነ። ፎቶ አነሣን። 2,600 ዶላር ከፍለን የበሰበሰው ተቀየረ፤ ጣሪያውም እንደ አዲስ ታሸገ።

ጁን ላይ ለመሸጥ ወሰንን። ያልተከፈለው ዕዳ 25,000 ገደማ ነው። የጠየቅነው 21,000 ነው። አንድ ወጣት ባልና ሚስት በስልክ በዋጋው ተስማምተው ቅዳሜ ሊያዩት ቀጠሩን።

ዋናው ነገር ዓርብ ማታ የሆነው ነው። "ውሃ አስገብቶ ያውቃል?" ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሰባኪው እራት ላይ መልስ አዘጋጅቶ መጣ፦ "ጣሪያው በሜይ ወር በባለሙያ እንደ አዲስ ታሽጓል።" አንድም ውሸት የለበትም። ሥነ መለኮት ኮሌጅ የተማረ ሰው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መሥራት አያቅተውም፤ ሰምና ወርቅ ሰምተን ነው ያደግነው። ሰሙን ለገዢው፣ ወርቁን ለእኛ። የተበደልነው እኛ ነን፣ ለጥገናውም ከኪሳችን ከፍለናል፣ አሁን ደርቋል፤ ታዲያ ምን አጠፋን?

ባለቤቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ያ 'ችግር አልተገኘም' ብሎ የጻፈው ሰውዬ ምን ዋሸ? ያን ቀን አልዘነበም። ፈለገ፤ አላገኘም። እሱም እንዳንተ እውነቱን ነው የጻፈው።"

ሰባኪው "እስኪ እንጸልይበት" አለ።

"በዚህ ላይ ምን ይጸለያል?" አለችው።

ያን ሌሊት ሰባኪው መጽሐፍ ቅዱሱን የከፈተው ለመጽናናት ነበር። ምሳሌ 20፥14 ላይ ዕቃውን እያጣጣለ ገዝቶ ሲሄድ ስለሚመካ ገዢ ተጽፏል። ይህ ስለ ገዢ ነው፤ አለፈው። ዘሌዋውያን 25፥14 ላይ ግን ገዢም ሻጭም በአንድ ቁጥር ውስጥ ተይዘዋል፤ አንዱ ሌላውን እንዳያታልል ታዝዘዋል። አስቀድሞ የተታለለ ሻጭ ከዚህ ነጻ ነው የሚል ፈልጎ አጣ። ዓመቱን ሙሉ ጥቅስ የምንፈልገው ለሻጩ ድርጅት ነበር።

ቅዳሜ መጡ። ሁለት ሕፃናት ይዘዋል። ሕፃናቱ ተሯሩጠው የወጡት እዚያው ተደራራቢ አልጋ ላይ ነው። አባትየው ጎማውን፣ መጎተቻውን፣ ፍሪጁን አየ፤ ከዚያም ጠየቀ። ያ ዓረፍተ ነገር በሰባኪው ምላስ ላይ ነበር። ዝም አለ። ከዚያ "አዎ፣ አስገብቷል። ፎቶው አለ" ብሎ ስልኩን ሰጠው።

"በዚያች ደቂቃ ጌታ ተናገረኝ" ብለን ብንጽፍ ያምርልን ነበር። በጉባኤ ቢነገር እልልታም ያስገኝ ነበር። እንደሆነው ከጻፍን ግን ባለቤቱ አጠገቡ ቆማ ነበር። ያን ዕለት ተረኛ ብትሆን ኖሮ ምን ይመልስ እንደነበር ሰባኪው አያውቅም። ይህን ጽሑፍ ለማውጣት ወራት የፈጀብንም ይኸው ነው። ሠላሳ ዓመት ከመድረክ ስለ እውነት ተናግሮ፣ በ4,000 ዶላር ፊት እግሩ ምን ያህል እንደሚጸና ሳያውቅ መቅረቱ። ቤተ ክርስቲያን ገና የማትመጡ፣ ግን ይህን የምታነቡ ወዳጆቻችን፣ "ፓስተሮችም እንደ ሰው ናቸው" ትሉ ይሆናል። አዎ። እኛም የሚያስፈልገን ያው እናንተ የሚያስፈልጋችሁ አዳኝ ነው፤ ለእኛ የተለየ የለም።

ወጣቶቹ ፎቶውን ተቀባብለው አዩ፣ አመሰገኑን፣ ልጆቻቸውን ከአልጋው አውርደው ሄዱ። አልተመለሱም። ከሦስት ሳምንት በኋላ በእጁ መሥራት የሚያውቅ ሰው መጣ። ፎቶውን አሳየነው፣ ግድግዳውንም ኳ ኳ አደረገው፤ በ17,000 ወሰደው። ቀሪውን 8,000 ባንኩ ወደ ሌላ ብድር አዞረልን፤ በየወሩ በ15ኛው ቀን ለሌለን ትሬይለር እንከፍላለን። ሰባኪው በየ15ኛው ቀን ትንሽ ይነጫነጫል።

ኦገስት ላይ ከልጃችን ድንኳን ተውሰን ቼሪ ክሪክ ሄድን። ሌሊት ዘነበ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባለቤቱ ትራስ በኩል ጠብ ጠብ ይል ጀመር። በባትሪ ብርሃን ስፌቱን አየነው።

"ስንመልስለት እንነግረዋለን" አለች፣ ፍራሹን ወደ መሃል እየጎተተች።