ኤረር በርና የመራራ ነገር ዳኝነት

ሐረርን ለመጎብኘት የሚመጣ እንግዳ አብዛኛውን ጊዜ ከአዲሱ ከተማ በኩል ገብቶ፤ ፈረስ መጋላን ዞሮ፤ ማታ ጅብ ሲበላ አይቶ ይመለሳል። በስተምሥራቅ በኩል ያለውን ኤረር በርን ሳያይ የሚሄደው ብዙ ነው። ይህ ግን የሚያስቆጭ ነገር ነው፤ ምክንያቱም የሐረር ሰው ገበያ ላይ እንዴት እንደሚፈርድ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ኤረር በር ከአምስቱ ጥንታዊ የጀጎል በሮች አንዱ ሲሆን፤ የከተማው ተወላጆች በቋንቋቸው «አርጎብ በሪ» ይሉታል። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አሚር ኑር መሆናቸው ይነገራል። ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ያሰፈረው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 ነው፤ በውስጡም 82 መስጊዶች እንዳሉ መዝግቧል። በበሩ አፍ ላይ ከኤረር ሸለቆ በኩል የመጡ የገጠር ሴቶች ማገዶውን፤ አትክልቱንና ጫቱን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ገዢው ወደ ጫት ሻጪቱ ጠጋ ብሎ አንዲት ቀንበጥ ይቀነጥሳል፤ ያያታል፤ ያኝካታል፤ ጥቂትም ዝም ይላል። ሻጪቱ የምትናገረውን ውዳሴ የማይሰማ ይመስላል። ዋጋ የሚጠራው ምላሱ ከፈረደ በኋላ ነው።

ስለ ጫት ጥቅምና ጉዳት መከራከር የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ልብ ያልነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ አገር ሰው መራራን ነገር «መራራ ነው» ብሎ አያልፈውም፤ መራራውን ከመራራ ይለያል። ይህም ትዝብት ወደ ሌላ መራራ ነገር፤ ማለት ወደ ቢራ ይወስደናል።

ሐረር የቢራ ከተማም ናት። የሐረር ቢራ ፋብሪካ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 በመንግሥት ተቋቋመ፤ በ2011 የሆላንዱ ሄኒከን ኩባንያ ይህንንና የበደሌን ፋብሪካ በድምሩ በ163 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ገዛ። ፋብሪካው ከቢራው ሌላ በከተማይቱ አጠገብ ባለው ተራራ ስም የተጠራውን ጥቁሩን «ሐኪም ስታውት»ና አልኮል የሌለውን «ሶፊ» የተባለውን የብቅል መጠጥ ጠምቋል። ሆኖም ከግንቡ ውስጥ ያለው ሕዝብ በብዛት እስላም ስለ ሆነ፤ መጠጥ የሚፈልግ እንግዳ ወደ አዲሱ ከተማ መውጣቱ ለራሱም ለአስተናጋጆቹም ክብር ነው።

እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ከባልንጀሮቼ አንዱ፤ ወንድሙ ከዋሽንግተን የላከለትን አንድ ጠርሙስ በሻንጣው ይዞ ነበር። የቢራው ዓይነት «ኢንዲያ ፔል ኤል» የሚባለው ሲሆን፤ በአንድ ዓይነት ሆፕስ ብቻ የተጠመቀ መሆኑ በወረቀቱ ላይ ተጽፏል።

የዚህ ቢራ ታሪክ ከሐረር ታሪክ ጋር በሩቁም ቢሆን ይነካካል። በፈረንጆች አቆጣጠር በጥር 1855 ሐረር የገባው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጦር መኮንን ነበር። በዚያ ዘመን ለኩባንያው ሰዎች ከእንግሊዝ አገር ቢራ ይላክላቸው ነበር፤ የስዊዝ ቦይ የተከፈተው በ1869 ስለ ሆነ መርከቡ አፍሪካን ዞሮ ወራት ይፈጅ ነበር። ሆፕስ መጠጥን ከመበላሸት ስለሚያግድ ለሞቃት አገር የሚላከው ቢራ ሆፕሱ በርከት ይደረግበታል። ይህን ንግድ አስቀድሞ የያዘው የለንደኑ ጠማቂ ሆጅሰን ሲሆን፤ ከ1820ዎቹ ጀምሮ የበርተን ከተማ ጠማቂዎች ወሰዱት። ከተማውና መኮንኑ አንድ ስም መያዛቸው ግን አጋጣሚ ነው።

ሆፕስ ማለት የፈረንጅ ጌሾ ነው ብንል ለአንባቢ ይቀላል፤ በዘር ግን አይዛመዱም። ከጌሾ የምንወስደው ቅጠሉንና እንጨቱን ነው፤ ሆፕስ ግን የሐረግ አበባ ነው። የእኛ ቢራ ፋብሪካዎችም የሚጠቀሙት ከውጭ በሚመጣው ሆፕስ ነው። ሥራው ሁለት ነው። ከብቅሉ ውሃ ጋር ሲፈላ ሙጫው ይለወጥና መራራነትን ይሰጣል፤ መዓዛ ያለው ዘይቱ ግን በእሳት ስለሚተን፤ ለሽታው ተብሎ የሚጨመረው በፍላቱ መጨረሻ ወይም ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የመራራነቱ መጠን በቁጥር ይለካል፤ የተለመደው ቀላል ቢራ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 በታች ሲሆን፤ ይህኛው ዓይነት ከ40 እስከ 70 ይደርሳል።

ጠማቂዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ዓይነት ሆፕስ ይቀላቅላሉ። አንዱን ብቻ የተጠቀመ ጠማቂ ግን መደበቂያ የለውም፤ የአበባው መልካምነትም ጉድለቱም ይታያል። የሳን ፍራንሲስኮው አንከር ፋብሪካ በ1975 «ሊበርቲ ኤል» የተባለውን ቢራ «ካስኬድ» በሚባል በአንድ ሆፕስ ጠምቆ በማውጣቱ ለዛሬዎቹ የአሜሪካ ትናንሽ ጠማቂዎች መንገድ ከከፈቱት አንዱ ሆኗል። የባልንጀራዬም ጠርሙስ ሆፕስ ይኸው ካስኬድ ነበር።

ጠርሙሱ ሳይከፈት ክርክር ተነሣ። የጠርሙሱ ባለቤት «የአሜሪካው እንደሚበልጥ ምን ያጠያይቃል?» አለ። ሌላው የመሥሪያ ቤት ባልደረባችን ደግሞ በአገር ፍቅር ተቃጥሎ «የሐረርን ቢራ የሚያህል የለም!» ሲል ጠረጴዛውን መታ። ሁለቱም ገና አልቀመሱም። እንግዲህ ዳኛ ያስፈልግ ነበርና ያረፍንበትን ቤት እመቤት፤ ለብዙ ዓመታት ጠላ ጠምቀው የሸጡትን ወይዘሮ፤ «እትዬ፤ ይፍረዱን» አልናቸው። ሁለቱን ቢራዎች ጓዳ ገብተን በሁለት ሽክና ቀዳንና ስማቸውን ሳንናገር አቀረብንላቸው። ሽክና የመረጥነው መልካቸው እንዳይለያቸው ነው።

እመቤቲቱ አንደኛውን አሸተቱ፤ ጥቂት ተጎነጩ፤ ዝም አሉ። ከዚያም «ልጆቼ፤ በዚህኛው ውስጥ አንድ ጌሾ ብቻውን ይናገራል። የትርንጎ ልጣጭ፤ የጥድም ነገር ይሸታል። መራራነቱ ጠንካራ ነው፤ ብቅሉ ግን ስለ ደገፈው አይጎመዝዝም። ነገር ግን ሽታው ከርሟል፤ መንገድ አድክሞታል» አሉ። ሁለተኛውን ቀምሰው ደግሞ «ይኸ ንጹሕ ነው፤ ጥም ይቆርጣል፤ እንከን አላገኘሁበትም። ጌሾው ግን ዓይነ አፋር ነው፤ ጠማቂው ማንንም ላለማስቀየም የተጨነቀ ይመስላል» ብለው ሽክናውን አስቀመጡ።

ጠርሙሱን አገላብጠን ብናይ ከታሸገ ስምንት ወር ሆኖታል። የሆፕስ መዓዛ ከመራራነቱ ቀድሞ እንደሚደክም ከመጽሐፍ የሚማሩት ነገር ነው፤ እሳቸው ግን ያወቁት በአፍንጫቸው ነው። ለረጅም ጉዞ ይላክ የነበረው ቢራ ዛሬ ትኩስ ሳለ ካልተጠጣ ሽቶው የሚጠፋ መሆኑም ያስገርማል። ሁለቱ ተከራካሪዎች ግን ዝም አሉ፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ ረትተው ግማሽ ተረትተዋልና።

ለመሞከር የሚፈልግ አንባቢ ብዙ መሣሪያ አያሻውም። ብርጭቆው ሳሙና ያልቀረበት ንጹሕ ይሁን፤ ሳሙና አረፋውን ይገድላል። ቢራው ቀዝቀዝ ያለ እንጂ በረዶ የሆነ አይሁን፤ ቅዝቃዜ ሽታን ያፍናል። ከመቅመስ በፊት ሲጋራ፤ ጫትና በርበሬ ይቅሩ። መጀመሪያ ማሽተት፤ ቀጥሎ ትንሽ መጎንጨት፤ ከዋጡ በኋላም መጠበቅ ነው፤ መራራነት የሚመዘነው መጨረሻ ላይ ነው። አንዱ መራራ ገብቶ ይወጣል፤ ሌላው ጉሮሮ ላይ ቤት ይሠራል። እርጥብ ካርቶን የሚሸት ቢራ አየር ነክቶታል፤ የሚያቅለሸልሽ መጥፎ ሽታ ያለውን ደግሞ ብዙ ጊዜ ብርሃን አበላሽቶታል። እንደ ሐረር ባለ ፀሐያማ አገር ሣጥኑን ደጅ ማሳደር ያልነበረ ጉድለት በቢራው ላይ መጨመር ነው። ለመፍረድ ሁለት ሦስት ጉንጭ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የጠጣ ዳኛ ችሎት ላይ እንቅልፍ የወሰደው ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ስሙን ሳያዩ መቅመስ፤ ያገኙትን መጻፍ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ማንበብ ነው። የውጭ ስለ ሆነ ብቻ ማመስገን፤ የአገር ስለ ሆነ ብቻ ማመስገንም ለጠማቂው የሚጠቅመው ነገር የለም። ነገ በጨረታ ኮሚቴ ተቀምጦ የዕቃ ናሙና የሚመረምር ወጣት ሠራተኛ ይህን ልምድ በአንድ ሽክና ቢጀምረው አይከፋም።

እመቤቲቱ ሽክናዎቹን ሲያነሡ አንድ ጥያቄ ጣሉብን፤ «ፈረንጅ አንዱን አበባ እንዲህ ለይቶ ስም ካወጣለት፤ የእኛን ጌሾስ የየአገሩን ለየብቻ ጠምቆ የሚያስቀምሰኝ ማን ነው?» ከሐረር ብዙ ሳይርቅ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከአንባቢዎቻችን መካከል እርሻ ወይም ኬሚስትሪ የሚማር ካለ፤ ጥያቄው የቀረበው ለእሱ ነው።