የዱባዩ ደብተር

ልጆቹን ይዞ ዱባይ ሄዶ ለመዝናናት የሚያስብ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ሒሳቡን የሚጀምረው ከአውሮፕላን ትኬት ነው። ከዚያ ቪዛ ይመጣል፣ ከዚያ ሆቴል። መጨረሻ ላይ «የልጆች መጫወቻ» የምትል አንዲት መስመር ትጨመራለች። ጉዞው የሚጠራው በልጆቹ ስም ሆኖ ሳለ ልጆቹ ከገጹ ግርጌ ይገኛሉ። የብዙ ቤተሰብ በጀት መበላሸት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ገና ዶላር ሳይወደድ።

ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት መስከረም 2016 ላይ እንዲህ ያለ ደብተር ከፈቱ። እሱ ሃይሌ ጋርመንት አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ የሽያጭ ሠራተኛ ነው፤ እሷ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ትልቋ ልጃቸው አምስት ዓመት ሊሞላት ነበር፤ ትንሹ አንድ ዓመት ተኩል። ልጆቹ «እማማ» የሚሏቸው የባል እናት አብረዋቸው ይኖራሉ።

ዱባይ የተመረጠው በማስታወቂያ አይደለም። የባል ታናሽ እህት እዚያ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ ትኖራለች። የአሠሪዎቿን ሁለት ልጆች ይዛ ፓርክ ለፓርክ የምትዞረው እሷ ናት። በየሄደችበት ሠላሳ ሰከንድ፣ አርባ ሰከንድ እየቀረጸች በኢሞ ትልካለች። የለቡዋ ልጅ ሕንፃ ውስጥ በረዶ እንዳለ፣ በረዶው ላይ ፔንግዊን እንደሚሄድ፣ ከሰው ፎቅ የሚበልጥ ዳይኖሰር እንዳለ ፊደል ሳትቆጥር ታውቃለች። አክስቷ ከአገር ስትወጣ ትንሹ ወንድሟ አልተወለደም ነበር። እስከ ዛሬም የሚያውቃት ስልክ ውስጥ ነው።

ወሩን የመረጠችው ሚስት ናት። የተማሪ ረጅሙ እረፍት ክረምት ነው፤ በእኛ ክረምት ደግሞ የዱባይ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ይበልጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሆቴል ዋጋ የሚረክሰው ለዚህ ነው። እንደ ግሎባል ቪሌጅ ያለው የደጅ መዝናኛ ይዘጋል፤ ጣሪያ ሥር ያሉት፣ እንደ አይኤምጂ ያሉት ይቀራሉ። ርካሹን ሆቴል አይቶ ሐምሌ ላይ ትኬት የሚቆርጥ ሰው የከፈለው ለአየር ማቀዝቀዣ መሆኑን እዚያ ሲደርስ ያውቀዋል። ስለዚህ ጥር 2017፣ የመንፈቅ ዓመቱ እረፍት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። አምስት ሌሊት።

የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ይላል፤ ትኬት ለአራት 1,400 ዶላር፣ ቪዛ 400፣ ሆቴል 450፣ ምግብና ትራንስፖርት 400፣ ፓርክ 350። ድምር 3,000 ዶላር። ግምት ነው፤ ግን በሒሳብ ሠራተኛ እጅ የተጻፈ ግምት ነው። ዱባይ ውስጥ ሆቴሎች በየሌሊቱ፣ በየክፍሉ፣ እንደ ደረጃቸው ከ7 እስከ 20 ድርሃም የሚያስከፍሉትን የቱሪዝም ክፍያ እንኳ አልረሳችውም። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ሻንጣውን ይዞ እንግዳ መቀበያው ጋ ሲቆም ነው።

ገንዘቡ የሚመጣው ከእቁብ ነው። አሥራ ስምንት ሰው፣ በወር 10,000 ብር፣ ዕጣው 180,000። ያኔ በባንክ አንድ ዶላር 55 ብር ገደማ ስለነበር ዕጣው ከ3,200 ዶላር ይበልጣል፤ ለጉዞው በቅቶ ይተርፋል። በወረቀት ላይ ማለት ነው። ያን ጊዜ በ55 ብር ዶላር የሚያገኝ ሰው ማን እንደነበር የከተማው ነዋሪ ያውቃል። ከባንክ ውጪ ዋጋው ወደ እጥፍ ይጠጋ ነበር። ባል ይህን ሲያነሳ ሚስት ትኬቱና ቪዛው በብር እንደሚከፈል፣ የኪስ ገንዘቡ ብቻ ዶላር እንደሚፈልግ አስረዳችው። ልክ ነበረች፤ ለአሥር ወር።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ 57 ብር የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ከ74 አለፈ። ወር ሳይሞላ መቶን ተሻገረ። የእነሱ ዕጣ የወጣው ታኅሣሥ 2017 ላይ፣ አሥራ ስድስተኛ ሆኖ ነው። ዶላር ከ120 ብር በላይ ገብቶ ስለነበር 180,000 ብሩ 1,500 ዶላር እንኳ አልሞላም።

እዚህ ላይ ስለ እቁብ አንድ ነገር መባል አለበት። በዚያው እቁብ ሰኔ 2016 ላይ የደረሰው ሰው በባንክ ዋጋ 3,100 ዶላር የሚያወጣ ብር ይዞ ሄዷል። ሁለቱም ወር በወር እኩል ጥለዋል። እቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ዋስ ይጠራል፣ ለቀረ ሰው ቅጣት አለው። ብር ሲወድቅ የኋለኛው ዕጣ የሚካስበት ደንብ ግን የለውም። የውጭ አገር ጉዞን፣ የመኪና ዕቃን፣ የሕክምናን ወጪ በእቁብ የሚያስብ ሰው የዕጣ ቁጥሩ የበጀቱ አንድ መስመር መሆኑን ማወቅ ይኖርበታል። ተራ መለዋወጥም ሆነ ተራ መግዛት በየእቁቡ ያለ ነገር ነው። እነሱ አልጠየቁም፤ በሐምሌ ማንም አልጠየቀም።

ታዲያ ቤቱን ያናወጠው የዶላሩ ነገር አልነበረም። ኅዳር 2017 ላይ ሚስት ልጅቷን ልትወስድ ትምህርት ቤት ስትሄድ መምህርቷ በሩ ላይ «ዱባይ እንዴት ነበር? ሁሉን ነገር እኮ ነገረችን» አለቻት። ልጅቷ ክፍል ውስጥ ቆማ በረዶውን፣ ፔንግዊኑን፣ ዳይኖሰሩን አንድ በአንድ አውርታለች። ከአክስቷ ጋር ሄጄ ነው ብላለች። ስለ ሁሉም ነገር ያወራችው ልክ ስለነበር የተጠራጠራት የለም። ከክፍሉ ልጆች ሦስቱ በእርግጥ ሄደው ያውቃሉ፤ እነሱም መስክረውላታል።

ባል ይህን ሲሰማ ዝም አለ፤ ማታ ላይ ከሚስቱ መሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበር 200,000 ብር ተበድረው በጥር መሄድ እንዳለባቸው ተናገረ። በዚህ ሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው። «ለታይታ» የሚሉት ይኖራሉ። ግን ልጁ የሌላትን ነገር አለኝ ስትል የሰማ አባት የሚሰማው ኩራት ማጣት ብቻ አይደለም፤ ልጁን ብቻዋን አንድ ቦታ ትቷት የሄደ ያህል ነው የሚሰማው። ስሜቱ እውነት ነው። መድኃኒቱ ግን ስህተት ነበር፤ ሚስትም በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረችው፦ «ውሸቷን እውነት ለማድረግ ሁለት ዓመት ዕዳ ልንከፍል ነው?»

ከዚያ ደብተሩን አምጥታ በአዲስ ገጽ ላይ ሦስት ዓምድ አሰመረች። ለልጆቹ፣ ለእኛ፣ ለሰው።

ያ ገጽ መታየት ያለበት ነው። «ለሰው» የሚለው ዓምድ ከ3,000 ዶላሩ ውጪ የተያዘ የስጦታ ዝርዝር ነው፤ አሥራ አንድ ስም፣ ሽቶ፣ ጫማ፣ ሁለት ስልክ፣ ለእማማ የስኳር መለኪያ፣ በጠቅላላው 800 ዶላር። ልጆቹ የሚጫወቱበት 350። ለዘመድ ስጦታ የሚወጣው ጉዞው በስማቸው ለተጠራ ልጆች መጫወቻ ከሚወጣው እጥፍ በልጦ ተገኘ። ባል ራሱ የስኳር መለኪያው ብቻ ይቅር የማይባል መሆኑን አምኖ የቀረውን አሥር ስም ሰረዘ። አንዳንዱን ሲሰርዝ ረጅም ጊዜ ወስዶበታል።

«ለልጆቹ» የሚለው ዓምድ ደግሞ ሌላ ነገር አወጣ። ትንሹ በጥር ሦስት ዓመት አይሞላውም፤ ብዙ ፓርክ ከሦስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አያስከፍልም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶች ኦርላንዶ ዲዝኒ የሚሄዱት ልጁ ሦስተኛ ልደቱን ሳያከብር በፊት የሆነው ለዚህ ነው፤ እዚያ ከሦስት ዓመት ጀምሮ ይከፈላል፣ ከአሥር ዓመት ጀምሮ እንደ አዋቂ። አየር መንገድ ጋ ግን ድንበሩ ሁለት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሕፃኑ የራሱ ወንበር ይኖረዋል፣ ዋጋም አለው። እንግዲህ ትንሹ በአውሮፕላን ይከፍላል፣ በፓርክ አይከፍልም፣ ያየውንም አያስታውስም። ትልቋ ታስታውሳለች። ግን 1.12 ሜትር ነች። በቪዲዮ አይታ የምትመኛቸው ትልልቆቹ መጫወቻዎች በር ላይ የቁመት መለኪያ እንጨት ቆሟል፤ አብዛኛው ከ1.20 በታች ያለን ልጅ ይመልሳል። በ3,000 ዶላር ሄዳ በስምንት ሳንቲ ሜትር ልትመለስ ነበር።

ይህን ያረጋገጠችው አክስቲቱ ናት፤ በረጅም የድምፅ መልእክት። «እህቴ፣ ሦስት ፓርክ ብለሽ አትጻፊ። አንድ ይበቃል። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ልጅ ያለቅሳል፤ የሀብታሙም የድሃውም። ጋሪ ከሌለሽ ደግሞ የምትሸከሚው አንቺው ነሽ። እኔ ግሎባል ቪሌጅ እመጣላችኋለሁ፣ መግቢያው 30 ድርሃም አካባቢ ነው። ለእኔ እነሱን ማየት ይበቃኛል።» የጉዞ ወኪል እንዲህ ያለ ምክር አይሰጥም። ልጆችን በፓርክ ስለማዞር ከማንም በላይ የሚያውቁት እዚያ የሚያዞሯቸው ሠራተኞች ናቸው፤ ከእነሱም ብዙዎቹ የአገር ልጆች ናቸው።

መልእክቱን እማማም ሰምተዋል። ልጃቸው በሳምንት አንድ ቀን እረፍት አላት፤ እሑድ። የአገሪቱ ሕግም ለቤት ሠራተኛ የሚፈቅደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በአምስቱ ሌሊት ውስጥ እሑድ አንድ ብቻ ነው። እማማ ማንበብ ስለማይችሉ ምራታቸውን «እሑድን ለማን ሰጣችሁት?» ብለው ጠየቁ። ሚስት የቀኖቹን ገጽ ገለጠች። እሑድ ሥር «ሞል፣ ዕቃ ግዢ» ይላል። ለአሥራ አንዱ ስም።

ከዚያ በኋላ በጥር መሄድ ያለው ክርክር ብዙ አልቆየም። ከ180,000ው ብር የሚበዛው የሁለቱን ልጆች የትምህርት ቤትና የሕፃናት ማቆያ ክፍያ በአንድ ጊዜ ለመዝጋት ዋለ። ዱባይን ለትምህርት ቤት መስዋት አደረጉ ማለት አይደለም፤ ብር እጅ ላይ እየቀለጠ ሲሄድ ነገ የሚወደደውን ነገር ዛሬ መክፈል ከጥቂቶቹ ማምለጫዎች አንዱ ነው። በየወሩ ለክፍያ ይወጣ የነበረው ደግሞ ለአዲስ እቁብ ሆነ፤ በዚህኛው ሚስት ቀድማ ተነጋግራ አራተኛውን ዕጣ ገዛች።

የሳሎኑ በር መቃን ላይ በእርሳስ 1.20 ተጻፈ። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት አምስት ስድስት ሳንቲ ሜትር ያድጋል። ጉዞው ዶላር የማያስቆመው ቀን ተቆረጠለት ማለት ነው። ልጅቷም በየሳምንቱ ተረከዟን እያነሳች ትለካለች፤ እማማ እግሯን ያያሉ።

ክፍል ውስጥ የተወራውን ነገር እናትየዋ ለመምህርቷ በምስጢር ነገረቻት። መምህርቷ አላዋረደቻትም። አክስታቸው የት እንደምትሠራና ምን እንደምትሠራ ልጅቷ ለክፍሉ እንድታስረዳ አደረገች። የቤት ሠራተኛ ናት ብላ ተናገረች። ዱባይ ሄደው ከሚያውቁት ሦስት ልጆች አንዱ «የእኔም አክስት» ብሎ እጁን አወጣ።

ሚያዝያ 29 ቀን 2017 ዲዝኒ አቡ ዳቢ ያስ ደሴት ላይ ፓርክ እንደሚከፈት ተነገረ። ባል ዜናውን በስልኩ ይዞ ገብቶ ደብተሩ የት እንዳለ ጠየቀ። ሚስት የትኛው ዓምድ ውስጥ እንደሚጽፈው መልሳ ጠየቀችው። ሳቀና ተወው።

አክስቲቱ የመጀመሪያውን የእረፍት መብቷን በገንዘብ ተቀብላው ነበር። በጳጉሜን 2017 ግን በአሠሪዎቿ ትኬት መጣች። ትንሹ አየር ማረፊያ ላይ አይቷት ስልኳን ፈለገ፤ እሷ ከዚያ ውስጥ ናት እንጂ ከፊቱ እንዴት ትቆማለች። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ስድስቱም በአንድ መኪና ቢሾፍቱ፣ ኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ ዋሉ። ዳቦ ቆሎ ከቤት ተይዟል። አክስቲቱ እንደ ልማዷ የሁሉንም ጫማና ቦርሳ ሰብስባ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ሚስት መጥታ ቦርሳውን ከጭኗ ላይ አነሳችና ወደ ውሃው ገፋቻት። ልብሷን እንደለበሰች ገባች። በስንት ፓርክ ስትዞር ውሃ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነበር። ትንሹ ግን ከዚያ ቀን ሁሉ የወደደው ከተማ ውስጥ የተሳፈሩበትን ባጃጅ ነው።

ልጅቷ ያን ሳምንት 1.16 ገብታ ነበር። አክስቲቱ ስትመለስ የበሩን መቃን ከነምልክቱ በስልኳ ፎቶ አንስታ ሄዳለች።